የዲሲ ማስተላለፊያ መስመር ሾርት ሲያደርግ፦ የትኛው መከላከያ ለየትኛው መስመር?

ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የምትገዟት ትንሽ ሰማያዊ ሪሌይ (በትንሽ ከረንት የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አናቷ ላይ ሁለት ነገር ተጽፎባታል። አንዱ «10 አምፔር፣ 250 ቮልት ኤሲ» ይላል። ሌላው «10 አምፔር፣ 30 ቮልት ዲሲ»። ኤሲ አቅጣጫውን የሚቀያይር ከረንት ነው፤ ዲሲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ። ዕቃዋ ያችው ናት። ዲሲ ሲሆን ግን አቅሟ ከ250 ወደ 30 ይወርዳል።

ምክንያቱ አርክ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ሲከፈት በሁለቱ ብረቶች መሃል እሳት ይዘረጋል። የኛ ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይረግጣል፤ አርኩም ያኔ ትንፋሽ ያጥረውና ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም። አንዴ የተለኮሰ አርክ መንደዱን ይቀጥላል። አንድ ወዳጄ ጣሪያው ላይ ሶላር ሲያስገጥም ሠራተኛው የተለመደውን የቤት ባልቦላ በፓኔሉ መስመር ላይ አስገባለት። ብዙ ወር ሠራ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፓኔሉን ሊያጸዳ ብሎ ባልቦላውን ወደ ታች ሲመልሰው ከውስጡ እንደ ሽምብራ ቆሎ መንጣጣት ጀመረ። ጠርዙ ጠቆረ፤ ፕላስቲኩ ቀለጠ። እጀታው ወርዷል፣ ከረንቱ ግን አልቆመም።

እንግዲህ ያንኑ ነገር በ500,000 ቮልት አስቡት።

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር ±500 ኪሎ ቮልት ዲሲ ነው። 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ሲሆን ኃይል ማስተላለፍ የጀመረው በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። መብረቅ ሲመታው፣ ዛፍ ሲነካው፣ ስኒው (ሽቦውን ከታወሩ የሚለየው ከረንት የማያስተላልፍ ዕቃ) በአቧራና በወፍ ኩስ ተሸፍኖ ሲተኮስ፣ ማለትም አርክ ሲዘልበት፣ አንድ መሣሪያ ብልሽቱን ማየት፣ አንድ መሣሪያ ደግሞ ከረንቱን ማቋረጥ አለበት። ስለዚህ ጉዳይ ከተማሪዎችም፣ ከጨረታ ሰነድ አዘጋጆችም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «የትኛውን መከላከያ እንምረጥ?» ጥያቄው ራሱ ትንሽ የተደበላለቀ ነው። ምርጫው ሁለት ነውና። አንደኛው ብልሽቱን ማን ያየዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ማን ያቋርጠዋል የሚለው ነው። የሻጮች ብሮሹር ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ያቀርባል፤ ግራ መጋባቱም ከዚያ ይጀምራል። እኔ ለያይቼ አያለሁ። የአምራች ስም አላነሳም።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የኮንቨርተሩ፣ ማለትም ኤሲን ወደ ዲሲ፣ ዲሲንም ወደ ኤሲ የሚለውጠው መሣሪያ ዓይነት ነው። ዓለም ላይ ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች አሉ። ታይሪስተር በሚባል የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ የሚሠራው ኤልሲሲ አንዱ ነው፤ የሶዶው ጣቢያ የዚህ ቤተሰብ ነው። በትራንዚስተር የሚሠራው ቪኤስሲ ደግሞ ሌላው ነው። ኤልሲሲ ሾርት ሲገጥመው በተፈጥሮው ይታገሣል። ከፊቱ ትልቅ ሪአክተር፣ ማለትም ግዙፍ ጥምጥም አለ፤ ከረንቱ በድንገት እንዳይዘል ይይዘዋል። ታይሪስተሩም ከአቅሙ በላይ የሆነ ከረንትን ለአጭር ጊዜ ይችላል። የቪኤስሲ ትራንዚስተር ግን ስስ ነው። ከመደበኛው ከረንት እጥፍ ገደማ ሲደርስ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ራሱን ዘግቶ ካልዳነ ይቃጠላል። ስለዚህ «ስንት ሚሊ ሰከንድ አለኝ?» የሚለውን የሚመልሰው ብልሽቱን የሚያየው መሣሪያ፣ ማለትም የመከላከያው ሪሌይ አይደለም፤ ኮንቨርተሩ ነው።

ሁለተኛው መስመሩ አየር ላይ ነው ወይስ ኬብል የሚለው ነው። አየር ላይ የተዘረጋ መስመር ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ አብዛኛው ብልሽት ግን አላፊ ነው። መብረቁ ይመታል፣ አርኩ ይጠፋል፣ መስመሩ እንደገና ይሠራል። ባሕር ውስጥ ያለ ኬብል ከስንት አንዴ ነው የሚበላሸው። ሲበላሽ ግን መርከብ ካልሄደ አይጠገንም። አንዱ ቶሎ መመለስን ይፈልጋል። ለሌላው መቸኮሉ ትርጉም የለውም።

ሦስተኛው፣ ሲቋረጥ አብሮ የሚጨልመው ማነው? በሁለት ጣቢያ መሃል ያለ አንድ መስመር ከሆነ የሚቆመው እሱ ብቻ ነው። አራት አምስት ጣቢያ የተሳሰረበት መረብ ከሆነ የአንድ መስመር ጦስ ለሁሉም ይተርፋል።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው፦ ከፍተኛ ተቃውሞ ያለውን ብልሽት ማየት ይችላል ወይ፣ መገናኛው ቢቋረጥ ምን ይሆናል፣ በየቀኑ የሚበላው ኃይል ስንት ነው፣ ዋጋውስ? አንድ ግን ብዙ ሰው የሚረሳው አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲበላሽ ማን ከፍቶ ያየዋል? ይህን መስፈርት ከዋጋው እኩል አድርጌ ነው የማየው።

ማን ያያል?

ብልሽት በተፈጠረበት ቦታ ቮልቴጁ ይወድቃል። የመውደቁ ዜና በሽቦው ላይ በሁለቱም አቅጣጫ ይሮጣል። ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ተጓዥ ሞገድ የሚባለው ይህ ነው።

በምሳሌ እንየው። ከሶዶ 300 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ቦረና ሜዳ አካባቢ፣ መብረቅ መታ እንበል። ሞገዱ ሶዶ የሚደርሰው በ1 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሱስዋ የሚደርሰው 745 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ2.5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ሶዶ ያለው ሪሌይ የኬንያውን ወንድሙን አስተያየት ልጠይቅ ቢል መልሱ በኦፕቲካል ፋይበር ነው የሚመጣው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን ዝግ ይላል፤ በኪሎ ሜትር 5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። 1,045 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ5 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፤ በመንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎች የሚያዘገዩት ሳይጨመር ነው። በድምሩ መልሱ እስኪደርስ ወደ 8 ሚሊ ሰከንድ ይጠጋል። ለቪኤስሲ ይህ ማለት ከቀብር በኋላ እንደሚደርስ ሐኪም ነው።

ስለዚህ ዋናው መከላከያ በአንድ ጫፍ ባለው መረጃ ብቻ መወሰን አለበት። እዚህ ሁለት አማራጭ አለ፤ በተግባር ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት።

የመጀመሪያው የተጓዥ ሞገድ መከላከያ ነው። የሞገዱን ግንባር፣ ቁመቱንና አቅጣጫውን ያያል። በሁለትና ሦስት ሚሊ ሰከንድ ይወስናል። ከሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው። ድክመቱ ጆሮው በጣም ስሱ መሆኑ ነው። መብረቅ ስኒውን ሳያስተኩስ ሽቦውን ብቻ ነክቶ ቢያልፍም ሞገድ አለ። ያኔ መስመሩን ያለ ጥፋቱ እንዳያቋርጥ ትንሽ ማድመጥ፣ ሞገዱ ጸንቶ መቆየቱን ማረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው ቮልቴጁ በምን ያህል ፍጥነት እንደወደቀ የሚለካው ነው። ከወደቀም በኋላ ዝቅ ብሎ መቆየቱን ያያል። እዚህ ላይ ሪአክተሩ ውለታ ይውላል። ብልሽቱ መስመሩ ላይ ከሆነ ቮልቴጁ እንደ ገደል ይወርዳል። ከሪአክተሩ ወዲያ ከሆነ፣ ለምሳሌ በኬንያ በኩል ባለው የኤሲ መረብ ላይ ከሆነ፣ ጥምጥሙ ያለዝበውና እንደ ቁልቁለት ዝቅ ዝቅ እያለ ይወርዳል። ሪሌዩ ገደሉን ከቁልቁለቱ ለይቶ «ይሄ የኔ መስመር ነው» ወይም «ይሄ የጎረቤት ነው» ይላል። ዘዴው ቀላል ነው። እኔ በጣም ነው የምወደው።

የሁለቱም ጠላት ከፍተኛ ተቃውሞ ያለው ብልሽት ነው። ደረቅ ዛፍ ሽቦውን ሲነካ፣ ወይም ሽቦ ተበጥሶ ድንጋያማ መሬት ላይ ሲወድቅ ማለት ነው። የመስመሩ የሞገድ ኢምፒዳንስ (ሞገዱ ሲጓዝ የሚገጥመው ተቃውሞ) 300 ኦም ከሆነና የብልሽቱ ተቃውሞም 300 ኦም ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሞገድ ቁመት ሙሉ ሾርት ቢሆን ሊኖረው ከሚችለው ሲሶው ብቻ ነው። ረጅም መንገድ ሲጓዝ ደግሞ ግንባሩ ይደነዝዛል። ሩቅ ጫፍ ላይ ያለው ሪሌይ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው የሚመጣው፤ ዲፈረንሻል። የገባው ከረንትና የወጣው ከረንት እኩል ነው ወይ ብሎ ሁለቱን ጫፍ ያስተያያል። ገንዘብ ያዥ ማታ ሒሳብ እንደሚዘጋው ነው። ካልተመጣጠነ አንድ ቦታ ፈሷል። ትንሿን ብልሽት ሳይቀር ይይዛል። ግን ቀርፋፋ ነው። መስመሩ ራሱ ኃይል ሲሞላና ሲያፈስ የሚፈጠረው ጊዜያዊ ልዩነት እንዳያታልለው በብዙ መቶ ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። ለዋናነት አይሆንም። ለተጠባባቂነት ግን እሱን የሚተካ የለም።

አንድ ጥሩ ዜና አለ። በስምምነቱ መሠረት ኬንያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የምትወስደው 200 ሜጋ ዋት ነበር። ይህ በሁለት ዋልታ (+500 እና −500 ኪሎ ቮልት በሆኑት ሁለት ወገኖች) ሲከፋፈል በእያንዳንዱ 200 አምፔር ገደማ ነው፤ መስመሩ ከሚችለው አንድ አሥረኛ። በከረንት መጠን ላይ ብቻ የተመሠረተ መከላከያ እዚህ ይቸገራል። ሞገዱ ግን በቮልቴጁ ላይ ነው የሚቆመው። ጭነቱ ቀላልም ይሁን ከባድ 500 ኪሎ ቮልቱ አለ፤ ሞገዱም አለ።

በቅርቡ በነርቭ መረብ፣ ማለትም ከምሳሌ በሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ብልሽት የሚለዩ ጥናቶች እንደ አሸን ፈልተዋል። ወረቀት ላይ ውጤታቸው ያምራል። በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ለምን እንዳቋረጠ ሊያስረዳ የማይችል መሣሪያ ለማስገባት ግን እኔ ገና ልቤ አልቆረጠም።

ማን ያቋርጣል?

ዋጋው ራስ የሚያዞረው፣ ክርክሩም የሚጋለው እዚህ ነው።

*ራሱ ኮንቨርተሩ (ኤልሲሲ)።* ከመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በቀር ምንም የሚገዛ ዕቃ የለም። ብልሽት ሲታይ የላኪው ጣቢያ ታይሪስተሮቹ የሚከፈቱበትን ማዕዘን (በኤሲው ዑደት ውስጥ የሚከፈቱበትን ቅጽበት) ከ15 ዲግሪ አካባቢ ከ90 በላይ ይገፋዋል። ያኔ ላኪው ተቀባይ ይሆናል። መስመሩ ላይ የቀረውን ኃይል ወደ ኋላ ይጠባል። ተቀባዩ ጣቢያ ደግሞ ታይሪስተር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያስተላልፍ ብልሽቱን አይመግብም።

ይህን ብልሽቱን በሚቀዳው መሣሪያ፣ በሬኮርደር ስክሪን ላይ ማየት ደስ ይላል። ቮልቴጁ 500 ላይ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይሄዳል። ድንገት ቀጥ ብሎ ይወድቃል። የላኪው ከረንት እንደ ጉብታ ብድግ ይላል። ወዲያው ቮልቴጁ ከዜሮ በታች ይዘልቃል፤ ከረንቱ ይሟሽሻል። ከዚያ ጸጥታ ነው። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሚሊ ሰከንድ ያህል በስክሪኑ ላይ የቮልቴጁና የከረንቱ መስመሮች ዜሮ ላይ ተኝተው ይቆያሉ። አርኩ ያቃጠለው አየር እስኪቀዘቅዝ ነው የሚጠበቀው። ከዚያ ቮልቴጁ ቀስ ብሎ ዳገቱን ይወጣል። ከያዘ፣ ሰው መብራቱ መርገብገቡን እንኳን ላያስተውል ይችላል። ካልያዘ አንዴ ሁለቴ ይሞከራል። ከዚያም በ80 ወይም በ70 በመቶ ቮልቴጅ ይሞከራል። ስኒው ቆሽሾ ሙሉውን መቋቋም ሲያቅተው ይህ መላ መስመሩን በሕይወት ያቆያል። ያም ካልሆነ ያ ዋልታ ይዘጋል፤ ሌላው ዋልታ ግን ሥራውን ይቀጥላል። 2,000 የነበረው አቅም 1,000 ይሆናል እንጂ አይጨልምም።

*ግማሽ ድልድይ ቪኤስሲ ከኤሲ ብሬከር ጋር።* ድልድይ የሚባለው በኮንቨርተሩ ሕዋስ ውስጥ ትራንዚስተሮቹ የተያያዙበት መንገድ ነው፤ ብሬከር ደግሞ ግዙፍ ባልቦላ ነው። ይህ ርካሹ ቪኤስሲ ነው። ትራንዚስተሮቹ ራሳቸውን ዘግተው ቢድኑም ከጎናቸው ያሉት ዳዮዶች ከኤሲው በኩል ብልሽቱን መመገባቸውን ይቀጥላሉ። በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደ መርሳት ነው። ስለዚህ በኤሲ በኩል ያለው ብሬከር እስኪከፈት ይጠበቃል፤ 40 እስከ 60 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ጣቢያው በሙሉ ይወድቃል፤ ለመነሣትም ጊዜ ይፈልጋል። ለኬብል ግን ችግር የለውም። ፈረንሳይንና ስፔንን የሚያገናኘው መስመር እያንዳንዳቸው 1,000 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት አገናኞች አሉት። 65 ኪሎ ሜትሩ በሙሉ የተቀበረ ኬብል ነው። እዚያ መብረቅ አያስቸግርም። ሲበላሽም ቆፋሪ ነው የሚጠራው። ለምን ይቸኮላል?

*ሙሉ ድልድይ ቪኤስሲ።* እዚህ መስኮቱም ይዘጋል። ኮንቨርተሩ ቮልቴጁን ወደ ተቃራኒው ገልብጦ ከረንቱን በራሱ ወደ ዜሮ ያወርዳል። ብሬከር አይከፈትም። ጣቢያው አይወድቅም፤ በዚያ ሰዓትም ቢሆን ለኤሲው መረብ የቮልቴጅ ድጋፍ ይሰጣል። ደካማ መረብ ላለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ግን አለ። በእያንዳንዱ ሕዋስ የትራንዚስተሩ ቁጥር እጥፍ ነው። ከረንቱም በአንድ ፈንታ በሁለት መሣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ብክነቱ ይጨምራል። ብልሽት በዓመት ጥቂት ጊዜ ቢመጣ ነው። ብክነቱ ግን ሌት ተቀን፣ መስመሩ እስካለ ድረስ ይከፈላል።

ቻይናዎች መሃሉን መንገድ አገኙለት። በ2020 መጨረሻ ሥራ የጀመረው ከዩናን ወደ ጓንግዶንግና ጓንግሲ የሚሄደው መስመር ±800 ኪሎ ቮልት ነው። አቅሙ 8,000 ሜጋ ዋት ነው። ላኪው ጣቢያ በታይሪስተር ነው የሚሠራው። ሁለቱ ተቀባዮች ሙሉና ግማሽ ድልድይን ቀላቅለው ይዘዋል፤ ብልሽት ለማጥፋት የሚበቃውን ያህል ሙሉ፣ ቀሪው ግማሽ። ብልህ አሠራር ነው።

*የዲሲ ብሬከር።* ይህ ነው የሕልሙ ዕቃ። አንዱን መስመር ብቻ ነጥሎ ይቆርጣል፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቀጥላል። ለዓመታት አይቻልም ሲባል ኖረ። በ2012 መጨረሻ በ5 ሚሊ ሰከንድ የሚቆርጥ ሃይብሪድ ብሬከር ተሠራ ተብሎ ይፋ ሲሆን በሙያው ትልቅ ወሬ ነበር። ሃይብሪድ የተባለው በመደበኛው ጊዜ ከረንቱ በብረት መንገድ ስለሚሄድ ነው። ብልሽት ሲመጣ ወደ ትራንዚስተሩ መንገድ ይዛወራል። ትራንዚስተሩ ሲዘጋ ከረንቱ መሄጃ ያጣና ወደ መብረቅ መከላከያው ዓይነት አሬስተር ይገባል፤ እዚያ ሙቀት ሆኖ ያልቃል።

ሙቀቱ ስንት ነው? በ150 ሚሊ ሄንሪ ሪአክተር ውስጥ 10,000 አምፔር ቢኖር የተጠራቀመው ኃይል 7.5 ሜጋ ጁል ነው። 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንጀራ የሚጋግርበት ኃይል ማለት ነው። አሬስተሩ ግን በጥቂት ሚሊ ሰከንድ መዋጥ አለበት።

ያው ሪአክተር ባይኖር ደግሞ ብሬከሩም አያድንም። 500 ኪሎ ቮልት በ150 ሚሊ ሄንሪ ላይ ሲጫን ከረንቱ በየሚሊ ሰከንዱ በግርድፉ 3,300 አምፔር ይጨምራል። ለማየት 3፣ ለመቁረጥ 3 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ፣ ስድስቱ ሲደመሩ ወደ 20,000 አምፔር ያደርሳሉ። የዣንግቤይ መረብ ብሬከሮች 25,000 አምፔር እንዲቆርጡ ተደርገው የተሠሩት ዝም ብሎ አይደለም። ያ መረብ በቤጂንግ አቅራቢያ በ2020 ሥራ የጀመረ ሲሆን ±500 ኪሎ ቮልት ነው። አራት ጣቢያዎችን በቀለበት ያገናኛል፤ መስመሮቹም አየር ላይ ናቸው። እዚያ ያለ ብሬከር መኖር አይቻልም ነበር።

ሜካኒካል የዲሲ ብሬከርም አለ። ተቃራኒ ከረንት ከኮንደንሰር ወደ መሃሉ ልኮ ዜሮን በግድ ይፈጥራል። ዲሲ የሌለውን ዜሮ እኛ እንሥራለት እንደ ማለት ነው። ከሃይብሪዱ ይረክሳል፤ በመደበኛው ጊዜም ብክነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በፍጥነት ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ናንአኦ በሚባለው የቻይና ሦስት ጣቢያ መረብ ላይ በ160 ኪሎ ቮልት ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ተገጥሟል።

በአጭሩ ጎን ለጎን

| አማራጭ | ከረንቱ እስኪቋረጥ | ጣቢያው ይወድቃል? | በመደበኛው ጊዜ ተጨማሪ ብክነት | ተጨማሪ ዋጋ | የሚመቸው |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤልሲሲ በራሱ መቆጣጠሪያ | አሥራዎቹ ሚሊ ሰከንድ፣ ከዚያ የማቀዝቀዣ ጊዜ | አይወድቅም፣ ባዶ ይቆያል | የለም | እምብዛም | ረጅም የአየር መስመር፣ ሁለት ጣቢያ |
| ግማሽ ድልድይ እና ኤሲ ብሬከር | 40–60 ሚሊ ሰከንድ፣ መነሣቱ ይዘገያል | አዎ | የለም | ዝቅተኛ | ኬብል |
| ሙሉ ወይም ቅልቅል ድልድይ | በጥቂት እስከ አሥራዎቹ ሚሊ ሰከንድ | አይወድቅም | አለ፣ ዘወትር | ከፍ ያለ | ቪኤስሲ በአየር መስመር፣ ደካማ መረብ |
| ሜካኒካል ዲሲ ብሬከር | ከ5 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ጀምሮ | አይወድቅም | ኢምንት | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | አነስተኛ መረብ |
| ሃይብሪድ ዲሲ ብሬከር | 3–5 ሚሊ ሰከንድ | አይወድቅም | ትንሽ | በጣም ከፍተኛ | ብዙ ጣቢያ ያለው መረብ |

እናንተ የቱ ናችሁ?

*ረጅም የአየር መስመር፣ ሁለት ጣቢያ፣ ውስን በጀት።* የሶዶ–ሱስዋ ዓይነት ማለት ነው። በኤልሲሲው መቆጣጠሪያ ጥፉት፤ የዲሲ ብሬከር አትግዙ። ሊያድነው የሚችለው ሌላ መስመር የለምና። ቢቆርጠውም ባይቆርጠውም የሚቆመው ያው አንድ መስመር ነው። ሞገድና የቮልቴጅ ፍጥነት ዋና ይሁኑ፣ ዲፈረንሻል ተጠባባቂ።

የተረፈውን ገንዘብ የብልሽት ቦታ ጠቋሚ ላይ አውሉት። ይህን በጣም ነው የምመክረው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሞገዱ ሶዶ በ1፣ ሱስዋ በ2.48 ሚሊ ሰከንድ ደረሰ። ልዩነቱ 1.48 ነው። በፍጥነቱ ሲባዛ 445 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ1,045 ላይ ቀንሱና ለሁለት አካፍሉት፤ 300 ኪሎ ሜትር። ሰዓቶቹ በሳተላይት ከተናበቡ የአንድ ማይክሮ ሰከንድ ስህተት የሚያመጣው 150 ሜትር ብቻ ነው። ታወሮቹ የሚራራቁት ከዚያ በላይ ነው። ያለዚህ መሣሪያ ጥገና ቡድኑ በመኪና እየሄደ ስኒ በስኒ አንጋጦ ሊያይ ነው። ከቦረና እስከ ማርሳቢት ያለውን ሙቀት ያየ ሰው የመሣሪያው ዋጋ አይቆረቁረውም።

*ባሕር የሚያቋርጥ ኬብል፣ ወይም የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫ።* ግማሽ ድልድይና ኤሲ ብሬከር ይበቃል። ዳግም የማስነሣት ሙከራውን አጥፉት፤ የተበሳ ኬብል ላይ ደጋግሞ ቮልቴጅ መጫን ጉዳቱን ማስፋት ነው። ሞገድ በኬብል ውስጥ ከአየር መስመር ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ የሪሌዩ ስሌት በኬብሉ ፍጥነት መሠራቱን አረጋግጡ።

*ቪኤስሲ በአየር መስመር።* በተቀባዩ በኩል ያለው መረብ ደካማ ስለሆነ ኤልሲሲ የማይሆንላችሁ ከሆነ ቅልቅሉን ድልድይ ምረጡ። ንጹሕ ሙሉ ድልድይ የምመክረው የዓመቱን ብክነት በብር አስልታችሁ ካያችሁ በኋላ ነው። ናሚቢያ በ2010 ሥራ ያስጀመረችው የካፕሪቪ መስመር ቪኤስሲን በ950 ኪሎ ሜትር የአየር መስመር ላይ ማሠራት እንደሚቻል አሳይቷል፤ አቅሙ ግን 300 ሜጋ ዋት ነው። ልኩን ማወቅ ይገባል።

*ሦስትና ከዚያ በላይ ጣቢያ።* እዚህ ጥያቄው «መረቡ በሙሉ ለግማሽ ሰከንድ ቢቆም የኤሲው ወገን ይችለዋል?» ነው። ከቻለ፣ ሙሉ ወይም ቅልቅል ድልድይ ይዛችሁ ሁሉንም አቁሙ። የተበላሸውን መስመር ከረንት በሌለበት በሚከፈት መለያ ነጥሉት፤ ቀሪውን አስነሡ። ዋጋው በብዙ ይቀላል። ካልቻለ ብሬከር ግዙ። ብሬከር ከገዛችሁ ግን በየመስመሩ በሁለቱም ጫፍ መሆን አለበት። ሪአክተሩንም፣ ለአሬስተሩ የሚሆነውን ቦታም አትርሱ። በግማሽ የተገጠመ ብሬከር በግማሽ የተከደነ ጣሪያ ነው።

*በጀት የሌለው ተማሪ ወይም መምህር።* በሲሙሌሽን ጀምሩ። መጀመሪያ 0 ኦም፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 300 ኦም ብልሽት በተለያየ ርቀት አስገቡ። ሪሌያችሁ የት ላይ መታወር እንደሚጀምር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ለዚህ ትምህርት ማንም አያስከፍላችሁም።

ጨረታ ላይ ለምትቀመጡ ደግሞ ሻጩን እነዚህን ጠይቁት። ሩቅ ጫፍ ላይ 300 ኦም ብልሽት ቢከሰት በየትኛው መከላከያ፣ በስንት ሚሊ ሰከንድ ታዩታላችሁ? ፋይበሩ ቢበጠስ ምን ይቀራል? መስመሩ በአንድ አሥረኛ ጭነት ሲሠራ ሴቲንጉ ይለወጣል ወይ? ከሆነስ የሚለውጠው የእናንተ መሐንዲስ ከውጭ መጥቶ ነው ወይስ የኛ ሰው በፓስወርዱ? ይሠራል ከተባለው መሣሪያ በእውነተኛ ብልሽት ላይ የተቀዳ አንድ ሬኮርድ አሳዩን። ብሮሹሩን ወደ ጎን አድርጉና እሱን ስክሪኑ ላይ ዘርጉት።